ቅቤ የጠጣው ቤዝ ጊታሬ

አምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ቤዝ ጊታር አንግቶ ሲቆም አይታችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ ምናልባት እኔን ነው ያያችሁት። የሚያምር ነገር አይደለም። ሆዴ ጊታሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጊታሩ ትከሻዬን ወደ ታች ይስበዋል፣ እኔ መሀል ላይ ሁለት ሰው የሚጓተተው ጆንያ መስዬ እቆማለሁ። ሚስቴ ከጀርባ ሲያዩኝ ይሻላል ትላለች። ከጀርባ ደግሞ የሚያየኝ ከበሮ መቺው ብቻ ነው፤ እሱም ቅሬታ አለው።

የምጫወተው እዚሁ ሶዶ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ልምምድ፣ እሁድ አምልኮ። ዘመኔን ሁሉ የምጫወተው በፒክ ነው። ፒክ ማለት ክሩን የምንመታባት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የምትበልጥ ፕላስቲክ ናት። በባዶ ጣት የሚጫወቱ አሉ፣ እኔም ሞክሬ ነበር፤ ጣቶቼ ውሃ ቋጥረው ጠመኔ መያዝ ሲያቅተኝ ተውኩት።

እጄን ያመመኝ ክሩን የቀየርን ሰሞን ነው። አዲሶቹ ክሮች ወፍራም ናቸው፣ የአጥር ሽቦ በሏቸው። እነሱን ለማስጮህ ፒኳን ጠበቅ አድርጌ መያዝ ጀመርኩ። ጠበቅ ሳደርግ ከአውራ ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ተነስቶ በክንዴ ሽቅብ ይሄዳል፣ ክርኔ ላይ ደርሶ ያርፋል፣ ሻይ የሚጠጣ ይመስል። ከዚያ ጉዞውን ይቀጥላል። አንድ መዝሙር ሳልጨርስ እጄ እንደ ደረቀ እንጨት ይሆናል።

የኳየራችን መሪ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። መዝሙሩን መሀል ላይ አቁማ ዞረችብኝ።

«ጋሼ፣ ቤዙ የት ገባ?»

«እዚሁ ነው፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ነው።»

«መዝሙር መሀል ላይ ያርፋል?»

ይሄኔ ኪቦርድ ተጫዋቹ ገባ። ባንክ የሚሠራ፣ ትሁት፣ ፀጉሩን በደንብ የሚያበጥር ሰው ነው። ከነዚህ ሦስት ነገሮች የትኛው እንደሚያናድደኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። ኪቦርዱ የቤዝ ድምፅ አለው፤ በግራ እጄ አወጣዋለሁ።»

«ግራ እጅህ ሌላ ሥራ የለውም?»

«ለጊዜው ሥራ ፈት ነው፣ ጋሼ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ጊታሩን ወደ ደረቴ ጠጋ አደረግኩት። ያን ጊታር ከተነጠቅኩ እሁድ እሁድ ምን ልሠራ ነው? ድምፅ የለኝም። ስዘምር ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው መንፈስ ነክቶት አይደለም። ሁለት ሥራ ፈት እጆች ይዤ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ታየኝ፤ በሳምንት ውስጥ ሰው የምሆንባት ያቺ ሰዓት ብቻ ናት።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከበዴሳ መጡ። ራት ቁርጥ ቀርቦ ሥጋውን ልቆርጥ ስል ቢላዋው ከእጄ አምልጦ ዳጣው ውስጥ ገባ። ዳጣ ስል ያ የሚለበልበው በርበሬያችን ነው፣ እስከ መነጽሬ ተረጨ።

«እጅህን ምን ነካው?» አሉ አማቴ።

«ጊታሩ ነው እማዬ» አለች ሚስቴ ቀድማኝ። «ፕላስቲክ ይዞ ሽቦ ሲቧጥጥ ይውላል።»

አማቴ ተነሱ፣ ከጓዛቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ቅል አወጡና ክዳኗን ከፈቱ። ድመታችን ከክፍሉ ወጣች።

ቅቤ ነበር። ግን ወላይታ ቅቤ ሲባል ገበያ ላይ በኮባ ተጠቅልሎ የምታዩት፣ ምራቅ የሚያስውጠው እንዳይመስላችሁ። ይሄ ለመድኃኒት ተብሎ የተቀመጠ ነው። እኛ ዘንድ ቅቤ ሲቆይ ይበረታል ይባላል፤ ለቁርጥማት፣ ለወለምታ፣ ለሁሉም እሱ ነው። ስንት ጊዜ ቆየ ብዬ ጠየቅኩ።

«ባለቤትህ ጥርስ ስታወጣ የተቀመጠ ነው» አሉ በኩራት።

ሚስቴ ጥርስ ካወጣች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ብናገር የኔን ጥርስ ታወጣለች። ብቻ ረጅም ነው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ብሏል። መሀሉ ላይ ፀጉር አለ፣ የላም ይሁን የሌላ ፍጥረት አላውቅም። አንዲት ነገርም ነበረች፣ አንድ ጊዜ እግር የነበረች የምትመስል፤ የማን እግር እንደሆነች ላለማሰብ ወሰንኩ። ሽታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዝናብ የመታው አውራ ፍየል የሌላ ሰው ካልሲ አድርጎ ሳጥን ውስጥ ቢሞት፣ ሳጥኑም በፀሐይ ላይ ቢረሳ፣ ወደዚያ ይጠጋል።

እምቢ ማለት አይቻልም። አማት የአማችን እጅ ይዛ ማሸት እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም፤ መፈራራት አለ፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለ። እሳቸው ያንን ሁሉ ትተው እጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚያሹኝ። ያንን የመሰለ ክብር በኦሞ እጥባለሁ? አልታጠብኩም። «ኦይሳ ይግባበት» እያሉ በወላይትኛ ቅቤውን እየጠሩ እስከ ክርኔ ቀቡኝ፣ ከዚያ እጄን በፌስታል አስረው አስተኙኝ። ሚስቴ ትራሷን ይዛ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደች። ያሳደጋት ቅቤ መሆኑን ባስታውሳትም አልተመለሰችም።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ እጄ የባሰ ሆነ። ፒኳ አልያዝ አለችኝ። አጥብቄ ስይዛት ትሾልካለች፣ ስትሾልክ የባሰ አጠብቃለሁ፣ ሳጠብቅ ያ ሕመም ክርኔን አልፎ ትከሻዬ ድረስ ይዘልቃል። እኔን የመሰለኝ እጄ የሰለለ ነው። በቃ፣ አበቃለት። አንዱን መዝሙር እንደ ምንም አደረስነው፤ ሶፕራኖዎቹ ከፍ የሚያደርጉበት ቦታ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ፒኳ ከጣቴ ተፈናጥራ በረረችና የፊተኛዋ እህት ከንፈር ላይ ተለጠፈች። አልወደቀችም። ተለጠፈች።

እህታችን ነቅላ አየቻት። አሸተተቻት። ለምን እንዳሸተተቻት አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ግን ያሸታል።

«ጋሼ… ይሄ ነገር ከየት ነው የወጣው?»

«ከእጄ ነው። መድኃኒት ነው።»

ውጪ ወጥታ ስትተፋ ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ቃናውን የጠበቀ ጥሩ ድምፅ ነበር።

ቤት ስገባ ለአማቴ እጄ እንደባሰበት ነገርኳቸው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ስላነሰው ነው።» ጨመሩበት። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ከእንቅልፍ በፊት። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ፣ ጊታሩ ሊቀርብኝ ነው፣ የቅቤ ጉድጓድ ውስጥ ግባ ቢሉኝም እገባ ነበር። ክሮቹም በተራቸው ወዙን ጠጥተው «ዱም» ማለት ትተው «ቡፍ» ማለት ጀመሩ። የጊታሩ እንጨት ራሱ በትንሹ አረገዘ። ማንገቻው የዶሮ ቆዳ ሆነ፤ በነካሁት ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ክፍል ውስጥ የፊት ተማሪዎች ወንበራቸውን እየሳቡ ከኋለኞቹ ጋር ሆኑ። የሚያሳዝነው የዚያን ሰሞን ርዕሳችን ፍሪክሽን ነበር። ወዝ የነካው ነገር ለምን እንደሚያንሸራትት ቦርዱ ላይ ሥዕል ሥዬ፣ ቀስት አድርጌ፣ በደንብ አስረዳሁ። ጠመኔው እየተንሸራተተ ሲወድቅ እያነሳሁ። ጥያቄ አለ ወይ ብዬም ጠየቅኩ። አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ መስኮት መክፈት ይቻላል?» አለች። ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ውስጥ እኔም አንዲት ነገር አልገባኝም።

መሪያችን ለብቻዬ ጠራችኝ። ሻንቶ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለኮንፈረንስ ጋብዛናለች።

«ጋሼ፣ ሻንቶ ላይ እንደ ቅዳሜው ከሆነ ከዚያ በኋላ ቤዙን ከኪቦርዱ እናደርገዋለን። እንዳይከፋዎት።»

«አይከፋኝም» አልኩ። ከፍቶኛል።

የሻንቶ መንገድ አጭር ነው ይላሉ። እኔ ባለሁበት ሚኒባስ ውስጥ አጭር አልነበረም። አማቴና ሚስቴም ሊሰሙኝ አብረው መጥተዋል፤ አማቴ ከመነሳታችን በፊት «ዛሬ ወሳኝ ነው» ብለው ከወትሮው እጥፍ ቀብተውኛል። ሙቀቱ ሲጨምር ቅቤው ቀለጠ፣ በክርኔ በኩል ይንጠባጠብ ጀመር። ከበሮ መቺው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የተጓዘው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በመሀረብ አፍንጫውን ይዞ፣ ያቺን ትሕትናውን ሳያጓድል፣ «ጉንፋን ይዞኝ ነው ጋሼ» አለኝ።

ደርሰን ከድንኳኑ ጀርባ ተራችንን ስንጠብቅ አንዲት ዝንብ መጥታ እጄ ላይ አረፈች። ልትነሳ ስትል አቃታት። አንዱን እግሯን አነሳች፣ ሌላው ሰመጠ። ክንፏን አርገበገበች፣ ክንፏም ተያዘ። ቁጭ ብዬ አየኋት። እዚያው እጄ ላይ፣ የኔው ሥጋ ላይ፣ ዝንብ በቅቤ ስትሰምጥ። ያቺ ቅል ውስጥ ያየኋት እግር ትዝ አለችኝ። በቃኝ! እጄ ቢቆረጥም ይቆረጥ፣ አማቴም ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ፣ ይሄን ነገር ከላዬ ላይ ካላወረድኩ እዚሁ አስመልሳለሁ።

ወጥ ቤት የሚያግዙት ሴቶች ሰሃን የሚያጥቡበት ገንዳ ጋ ሮጥኩ። «እህቶቼ፣ ኦሞ ስጡኝ።» አንደኛዋ እጄን አየት አድርጋ ኦሞውን ከነፌስታሉ ሰጠችኝ፤ ውሃውንም ራቅ ብላ ነው ያፈሰሰችልኝ። በአሸዋ ፈተግኩት። ውሃው ምን እንደመሰለ አልነግራችሁም፤ ምሳ በልታችሁ ይሆናል። ክሮቹንም፣ ፒኳንም፣ በሳሙና የራሰ ጨርቅ ይዤ አንድ በአንድ ጠረግኩ። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት አስቤ እንዳይመስላችሁ። አስጠልቶኝ ነው።

ተጠራን። ጊታሩን አነገትኩ፣ ፒኳን ያዝኩ።

ቆመች።

እንደ ወትሮው ለመጭመቅ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሷ ግን የትም አልሄደችም። ቀስ ብዬ ላላ አደረግኳት። አሁንም አለች። ጫጩት እንደሚይዝ ሰው አድርጌ ያዝኳት፣ ክሩን መታሁ፣ «ዱም» አለ፤ የሻንቶ ድንኳን ምሰሶው ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን መዝሙር ስንጀምር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያ ቦርድ ላይ የሣልኩት ሥዕል ከነቀስቱ የመጣልኝ። ወዝ። ማንሸራተት። አዪ መምህር! ቅቤው ያንሸራትታል፣ ስለሚያንሸራትት እጨምቃለሁ፣ ስለምጨምቅ ያመኛል፣ ስላመመኝ ቅቤ እቀባለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ደግሜ መማር ይገባኝ ነበር፣ ከኋላ ወንበር።

አላመመኝም አልልም፣ መጀመሪያም የነበረው ሕመም አለ። ግን አውራ ጣቴ ሥር እንደተቀመጠ ቀረ፣ ወደ ላይ አልተጓዘም። እስከ መጨረሻው መዝሙር ደረስኩ። መሪያችን በመዝሙሩ መሀል ዞር ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ከእሷ ይሄ ብዙ ነው።

ከዚያ አማቴ መጡ። እጄን ይዘው ገለበጡት፣ በጣታቸው ፈተሹት።

«አየህ?» አሉ። «ደርቋል። ሙሉውን ጠጥቶታል። ዛሬ ነው የገባበት!»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። እጄ ኦሞ ኦሞ ይሸታል፣ ግን የእሳቸው አፍንጫ ከዚያ ቅቤ ጋር ስንት ዘመን እንደኖረ እናንተም ታውቃላችሁ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ዘጋሁት።

«ዳነ፣ እማማ። በእርስዎ እጅ ዳነ።»

«እንዳይመለስ ግን መቀጠል አለበት» አሉና ወደ ጓዛቸው ጎንበስ አሉ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ መጣ።

ሰው ሲጨንቀው ብልህ ይሆናል። «እማማ» አልኩ፣ «እጄስ በቅቶታል። እኔን አሁን የሚያመኝ ጉልበቴ ነው።»

ጉልበቴ ጤነኛ ነው። የጉልበት ነገር አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ይሄው ግን በየወሩ ከበዴሳ ይመጣሉ፣ ሱሪዬን እጠቀልላለሁ፣ ያንን የፍየል ሬሳ እስከ ባቴ ይቀቡኛል፣ እኔም እፎይ እላለሁ፤ እንዲያውም አሻሽዬ አቃስታለሁ። ልምምድ ላይ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ክብ ወዝ ያወጣል፣ ዝንብ ይዞረኛል፣ ከሁለት ሜትር ወዲህ የሚጠጋኝ የለም። እጄን ታጥቤ ፒኳን ላላ አድርጌ እይዛለሁ። መሪያችን አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «ቤዝ፣ ጀምር!» ትለኛለች፤ እጀምራለሁ።