አገውኛ እሰማ ነበር

ይህን ለባለቤቴ ሳልነግረው ሞተ። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን ዳንግላ እንኖር ነበር። ባለቤቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙ ወር አይደርስም። ወጪ የምቀንሰው እኔ ነበርሁ፣ ገበያ ላይ ተከራክሬ። ሻጭ ሁሉ ሊያታልለኝ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ቅቤው ድንች ተለውሶበት ይሆናል ብዬ ስንደዶ እሰድበታለሁ፤ ማሩን እጠረጥራለሁ፤ የሻጯን ፊትም እጠረጥራለሁ።

እኔን ግን ማንም አልጠረጠረኝም። አገውኛ እሰማ ነበር። እስከ ሰባት ዓመቴ ያደግሁት አገው ገጠር፣ ጥርባ፣ ከእናቴ እናት ዘንድ ነው። ተማሪ ቤት ከገባሁ ወዲህ የከተማ ሰው መስዬ ለመታየት አፌን አልከፈትሁበትም። ባለቤቴ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ እሱም አያውቅም።

ይመናሹ የምትባል ቅቤ ሻጭ ነበረች። አማርኛ አትሰማም። ጎረቤቷ ትርንጎ አብራት እየመጣች ታስተረጉምላት ነበር። ትርንጎ የይመናሹን ልጅ ክርስትና ያነሳች፣ አበልጇ ናት።

"ሦስት ብር ትላለች፣ እሜቴ" ትለኛለች ትርንጎ።

"ውድ ነው" እላለሁ።

ይመናሹ አጠገቤ ሆና በአገውኛ፣ "ግብር ደርሶብናል፣ ላሜም ልትነጥፍ ነው። ካስጨነቀችኝ እስከ ሁለት ከስሙኒ እለቃለሁ፤ እንዳትነግሪያት" ትላታለች።

እኔ ፊቴን ሳልለውጥ፣ "ሁለት ከስሙኒ። ከዚያ በላይ አልሰጥም" እላለሁ።

አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ይባል ነበር። እኔ ግን በየገበያው አደረግሁት። ቆሜ ሰማሁ፣ ልኩን ጠራሁ፣ ገዛሁ። ጎረቤቶቼ "እሷማ የሻጭ ልብ ታነባለች" ይሉ ነበር። ባለቤቴም "አንድ ቀን ላሚቱንም ይመርቁልሻል" እያለ ይስቅ ነበር።

ይመናሹ ዋጋ በጠራሁ ቁጥር ትርንጎን ማየት ጀመረች። ለትርንጎ አንድ ቀን ለልፋቷ ቁራጭ ሳሙና ሰጥቻት ነበር። ለምን ሰጠኋት? ቸርነት ነበር? ዛሬ ያንንም እጠረጥረዋለሁ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል እንደ ልማዴ ልኩን ጠራሁ። ይመናሹ ቅቤውን ከእጄ ወስዳ ወደ ኮባው ቅጠል መለሰችና በአገውኛ፣ "ሳሙናው ለካ ለዚህ ኖሯል። ከምታተርፈው ስንት ታካፍልሻለች?" አለቻት።

"ባነሳሁት ልጅ እምልልሻለሁ፣ ቃል አልወጣኝም።"

"ታዲያ ማን ነገራት? ቅቤው?"

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። "እሜቴ፣ እባክዎ ይፍረዱኝ። እኔ ልኩን ነግሬዎት አውቃለሁ? ይናገሩና ልንገራት።"

መልሴን በትርንጎ አፍ ብትሰማው ይመናሹ እንደማታምን አውቅ ነበር። የምታምነው እኔው ራሴ በአገውኛ ብናገር ብቻ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ምላሴ ላይ ነበረ።

"እኔ በእናንተ ነገር የለሁበትም" አልሁ በአማርኛ። "ትሸጣለች፣ አትሸጥም?"

ሸጠችልኝ። በሁለት ከስሙኒ።

በሚቀጥለው ገበያ ይመናሹ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ትርንጎ ከወዲያኛው ጥግ። ይመናሹ ዋጋውን በጣቷ አሳየችኝ። እኔም ጣቴን አጥፌ ቀነስሁ። አዎ፣ ያኔም ቀነስሁ።

ከዓመታት በኋላ የይመናሹ ልጅ ሲዳር ክርስትና እናቱ ሳትጠራ መቅረቷን ሰማሁ። የሰማሁት እዚያው ገበያ፣ ሁለት ሴቶች በአገውኛ ሲያወሩ ነው። አሁንም ዝም ብዬ አለፍሁ።

ደመወዝ አልደርስ ብሎን ነው እንዳልል፣ ከቅቤው ባተረፍሁት የገዛሁት የሳሎን መጋረጃ ነው። ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ደግሞም አትመኑኝ። ይህን ሁሉ ስናዘዝ እንኳ የጻፍሁት ይመናሹ በማትሰማው ቋንቋ ነው።