ጀርባውን ለሰሌዳው የሰጠው ሰው

ምርጥ ዘር ልወስድ ቡሬ በሄድኩ ዕለት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ማኅበሩ አድጎ ከሌሎች ሦስት ማኅበራት ጋር ስለተዋሃደ አዲስ መዋቅር መጥቷል፤ የሠራተኛው ድልድልም ያን ጠዋት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሁሉም ስሙን ለማየት ይጋፋል።

አንድ ሰው ብቻ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ቆሟል። የካኪ ካፖርቱ ትከሻ በጆንያ አቧራ ነጥቷል። ከኪሱ በቆሎ ያወጣና አንዷን ፍሬ በግራ ጥርሱ ይሰብራል፤ ድምጿን አዳምጦ ይተፋታል። በዚያ በኩል ጥርሶቹ ተሸራርፈዋል። መጋዘን ጠባቂ እንደሆነ፣ የእህሉን ድርቀትም ሃያ ዓመት ሙሉ በጥርሱ ሲለይ እንደኖረ አጠገቤ የቆመች ሴት ነገረችኝ። አሁን ግን መለኪያ መሣሪያ ተገዝቷል።

"ጋሼ፣ ወረቀቱ እንደሁ አይነክስዎ፤ ዞር ብለው ይዩት እንጂ" አለችው።

"ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠን ሰው ይነክሳል" አላት ሳይስቅ። "አሥረኛን ያልጨረሰ አይመደብም ብለዋል።"

ስሙን ጠይቄ ላይለት አሰብኩ። ባጣውስ ብዬ ፈራሁና ተውኩት።

ጥቂት ቆይቶ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ።

"ይህ ከከፈተ አለሁ ማለት ነው" ብሎን ወደ መጋዘኑ ሄደ።

በሩ ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር አዲስ መሆኑ ከቆምኩበት ይታየኛል። እሱ ግን ቁልፉን በካፖርቱ ጫፍ ጠረገና እንደገና ሞከረ።