ደስታው ለእኔ፣ ሐሤቱ ለእናቴ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። እንድጽፈው ያደረገኝ ግን በቅርቡ የሰማሁት ስብከት ነው። እዚህ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ በአንድ ጉባኤ ላይ ሰባኪው፣ ደስታና ሐሤት አንድ አይደሉም ብለው አስተማሩ። ደስታ ነገር ሲሳካ ይመጣል፣ ሲበላሽ ይሄዳል፤ ሐሤት ግን ከእግዚአብሔር ስለሆነ ሰው አይነጥቀውም አሉ። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። እኔ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ሁለቱንም በአንድ ቤት ውስጥ አይቻቸዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ ከቀየት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አገሩ እንስራውንም ድስቱንም ከእሷ ይወስዳል። የሰንበቴው ጠላ የሚመጣው እሷ በሠራችው ገንቦ ነበር። ዞር ስትል ግን «ቡዳ ናት» ይሏታል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ሳለሁ የጎረቤታችን የአሰለፈች ልጅ በድንገት ወደቀች። ልጅቷ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ላብ አጠመቃት፣ መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። አሰለፈች ደረቷን እየደቃች ወጣችና ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጄን ሸክላ ሠሪዋ በላቻት። ጠዋት በደጄ ስታልፍ ዓይኗን ጥላባታለች» አለች። ልጅቷን ተሸክመው ወደ ጠበል ሮጡ።

በሳምንቱ እናቴን ከሰንበቴው አስወጧት። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሡ ይበተናሉ። ትምህርት ቤት እኔ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር የሚከራከርልን አልነበረም። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ለመተኮስ የደረቀው ሸክላ ሁሉ ተሰባብሮ ጠበቀን። እናቴ ስብርባሪውን ጠርጋ አወጣችና በማግስቱ እኔን ይዛ ወደ መርሐቤቴ ወረደች።

አሰለፈች የእናቴ እኩያ ናት። «እሳቸው» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ አልልም።

ዓለም ከተማ ላይ ኑሯችንን እንደገና ጀመርን። እናቴ ጠዋት ኪዳን አድርሳ ትመጣና ጭቃዋን እያቦካች ታዜማለች። ይህ ነገሯ ያናድደኝ ነበር። «ያን ሁሉ አድርገውሽ እንዴት መዝሙር ይመጣልሻል?» ስላት፣ «እኔ እንጃ፣ ይመጣልኛል» ትለኛለች። እኔ የሚመጣልኝ ሌላ ነበር። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ስሰፋ አሰለፈችን አገኛት ይሆን፣ ሳገኛት ምን እላት ይሆን እያልኩ ንግግሬን አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ንግግሩ ተዘጋጅቶ ሰሚው ብቻ ጠፍቶ ነበር።

ካቻምና ኅዳር ላይ አንዲት ወጣት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ብርቄ ልበላት። ባሏ መምህር ነው፤ ወደ ከተማችን ተዛውሮ አብራው ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ፀሐዩ አክርሮ ስለነበር ከለስላሳ ጠርሙስ ውሃ ልቀዳላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ከጠርሙስ አልጠጣም» አለችኝ።

«ምነው?»

«ልጅ ሆኜ በጠርሙስ የተቀመጠ የበግ ቅማል መድኃኒት ለስላሳ መስሎኝ ጠጥቼ ልሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬ እሺ አይለኝም።»

ሜትሬን ትከሻዋ ላይ ዘርግቼ፣ «ሐኪም ቤት ወሰዱሽ?» አልኳት።

«ማን ወስዶኝ። አገሩ ቡዳ በላት ብሎ ጠበል ወሰደኝ እንጂ። እግዚአብሔር ሲያተርፍ ተረፍኩ።»

አገሯን ጠየቅኳት። የእኔን ቀበሌ ስም ጠራች።

ልኳን የምጽፍ መስዬ ዞር አልኩ። «መድኃኒት መሆኑን እናትሽ ታውቅ ነበር?» አልኳት፤ ድምፄን እንደምንም አረጋግቼ።

«ራሷ ናት ያስቀመጠችው» አለች ብርቄ። «ጠርሙሱን ወድቄ ከነበረበት አንሥታ ደበቀችው። አባቴ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ይገድለኛል ብላ ፈራች። ለእኔ የነገረችኝ ስዳር ነው፣ በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላስቀምጥ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች አሉ፣ በእሷ ተሳበበ።»

«ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ናት» አልኳት።

ብርቄ ባለችበት ቁጭ አለች። እኔም ሳላጽናናት፣ የደብሩ ንግሥ በሚቀጥለው ወር መሆኑን አስልቼ፣ «አብረሽኝ ሄደሽ በሕዝቡ ፊት ትመሰክሪልኛለሽ» አልኳት።

«እናቴ እኮ ናት» አለችኝ እያለቀሰች።

«የእኔም እናቴ ናት።»

አልሄድም አለች። ብቻዬን ሄድኩ። ለእናቴ ደብረ ብርሃን ጨርቅ ልገዛ ነው አልኳት። ሁለት መኪና ቀያይሬ ቀየት ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔን ግን ያልበኝ ነበር።

ታቦት ከገባ በኋላ የሰንበቴው ሰዎች በቅጥሩ ውስጥ፣ ከጥዱ በታች ተቀምጠው ዳቦ ሲቆረስ ደረስኩ። መጀመሪያ ማንም አላወቀኝም። የአባቴን ስም ጠርቼ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስናገር ዳቦ የሚቆርሱት ሰውዬ እጃቸው ቆመ። አሰለፈች ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ከስታለች፣ ጀርባዋ ጎብጧል። ሳያት ሊያሳዝነኝ የሚችል ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ፊቴን ከእሱ አዞርኩ።

«አንቺ» አልኳት፤ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት። «ልጅሽ የጠጣችበትን ጠርሙስ የት ደበቅሽው?»

«የምን ጠርሙስ?» አለች።

«የበግ ቅማል መድኃኒቱን ያስቀመጥሽበትን። ብርቄ ነግራኛለች።»

ሰዉ መጉረምረም ጀመረ። አሰለፈች፣ «ይቺ ልጅ ምን እንደምትል አላውቅም» እያለች ነጠላዋን ትጎትታለች። ያን ጊዜ የሰንበቴው ቄስ ተነሥተው ወደ እሷ ሄዱና መስቀላቸውን ዘረጉ። «ያዢውና አላደረግሁም በዪ፤ እኛም እናምንሻለን» አሏት በቀስታ።

እጇ ወደ መስቀሉ ሄደ፣ ሳይደርስ ተመለሰ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ባሌን ፈርቼ ነው» አለች።

ቄሱም አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ዘመን እናቴን ያስወጧት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር አንድም ሳላስቀር ተናገርኩት። የተሰባበረውን ሸክላ፣ ወንዝ ላይ የተበተኑትን ሴቶች፣ በትምህርት ቤት ብቻዬን የተቀመጥኩበትን አግዳሚ፣ ሁሉንም። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ውሸት አልናገርም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ቀየት ስመለስ መንገዱ ቁልቁለት ይሁን ዳገት አላስታውሰውም። መኪናው ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ።

ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አሰለፈች እንዴት እንደተቀመጠች ሁለት ጊዜ አሳየኋት። እናቴ ጭቃ በእጇ እንዳለ ሰማችኝና፣ «ልጅቷ ደኅና ናት?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«ብርቄ ናታ። ቁመቷ፣ ጤናዋ ደኅና ነው?»

«አግብታ እዚሁ ከተማ ትኖራለች። ምኗን ትጠይቂኛለሽ?»

እናቴ ጭቃ በነካ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ እስከዚያን ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ስንወጣ ልጅቷ ትሙት ትዳን አላወቀችም ነበር። ያን ጠዋት በደጃቸው ስታልፍ ልጅቷን አይታ፣ ምን ታምራለች ብላ እንደነበር ታስታውሳለች። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ ራስሽንም ትጠረጥሪያለሽ አለችኝ። ምናልባት ሳላውቀው ዓይኔ ጎድቷት ይሆን እያለች ኪዳን በሄደች ቁጥር ለልጅቷ ትለምን ነበር።

«ከዚያ በኋላ ነዋ መዝሙሩ የሚመጣልኝ» አለችኝ። «አደራዬን ለእሱ ሰጥቼ ስመለስ ይቀለኛል። ሞታም ከሆነ በእሱ እጅ ናት፣ እኔም ሠርቼው ከሆነ በእሱ እጅ ነኝ። እንዲያ ነበር የምኖረው።»

ይህን ስሰማ አሰለፈችን የባሰ ጠላኋት። እናቴን በገዛ ዓይኗ እንድትፈራ አድርጋ ነበር። እናቴ ግን ተነሥታ እጇን ታጠበችና፣ «ልጅቷን አምጪልኝ» አለች።

አላመጣኋትም። ብርቄ ራሷ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። እናቷን ከሰንበቴ እንዳስወጧት፣ ውሃ ስትወርድ ሰው እንደሚሸሻት፣ በደጇ የሚያልፍ ሁሉ እንደሚተፋ ነገረችኝ። «አንድ ሰው እንኳ ደኅና ዋልሽ አይላትም» አለች። ውስጤ ዘለለ። ቀሚሱን በነጻ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ብርቄን በየሳምንቱ በሰበብ እጠራት ጀመር። ሻይ አፈላለሁ፣ «አገር ቤት እንዴት ናቸው?» እላታለሁ። የምፈልገው ስለ እናቷ አዲስ ውርደት መስማት ነበር። አዲስ ነገር ያለ ቀን ሥራዬ ይሰምራል፣ ሳቄ ይመጣል። አንድ ቀን ግን፣ «ያው ናት፣ ለምዳዋለች» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ደንበኛ ተቆጣሁ፣ ጨርቅ አበላሸሁ። ማታ ለራት ስቀመጥ የእኔ ደስታ በየሳምንቱ ከመንዝ የሚላክልኝ ነገር መሆኑ ገባኝ። አሰለፈች ካላለቀሰች እኔ አልስቅም።

በሚቀጥለው ጊዜ ብርቄ ስትመጣ እናቴ ሱቄ ውስጥ ነበረች። ማን እንደሆነች ሳልነግራት ዓይኗን አይታ አወቀቻት። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመቻት። ብርቄ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ይዛ አቆመቻትና፣ «እናትሽ ዘንድ ውሰጂኝ» አለቻት።

«እማ፣ እኔ አልሄድም» አልኳት።

«ሂጂ አላልኩሽም» አለችኝ።

ሄድኩ። እሷን ብቻዋን በዚያ መንገድ ልለቅቃት አልቻልኩም። ጥር ላይ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ደረስን። ሰንበቴው እናቴን ሲያይ በሙሉ ተነሣ። ሴቶቹ ጉልበቷን ሳሙ፣ ቄሱ እያለቀሱ ይቅርታ ለመኗት፤ እሷም «እግዚአብሔር ይፍታን» አለቻቸው። ከጥዱ ሥር፣ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት፣ ለእሷና ለእኔ አጎዛ ተነጠፈልን። እኔ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቦታ ነው፣ ለምን አልቀመጥም።

እናቴ ግን ዙሪያውን እያየች፣ «አሰለፈችስ?» አለች።

ብርቄ በእጇ አሳየቻት። አሰለፈች ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ድንጋዩን ተደግፋ ብቻዋን ተቀምጣለች። እናቴ የተቆረሰላትን ዳቦ ይዛ ሄደች። ከኋላዋ «ኧረ ይተዉ፣ እሷ አይገባትም» የሚሉ ነበሩ። አልሰማቻቸውም። ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ዳቦውን ለሁለት ከፈለችው።

ምን እንደተባባሉ ከሩቅ አልሰማሁም። አሰለፈች ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ከዚያ እናቴ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። የእናቴን ያን ፊት ጭቃ ስታቦካ ነበር የማውቀው። ያን ጊዜ ፊቷን የሚያፈካው ሸክላው፣ እሳቱ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አጎዛው ላይ ሆኜ በዙሪያዬ ሰው «ብዪ፣ ጠጪ» ይለኛል፤ ዳቦው ግን አፌ ውስጥ እየዞረ አልዋጥ አለኝ። ያን ቀን እዚያ ቅጥር ውስጥ የተከበርኩት እኔ ነበርኩ፤ የቀናሁትም እኔ ነበርኩ።

ጥቂት ቆይተው ቄሱ ተነሥተው ገንቦውን አስይዘው ወደ ሁለቱ ሄዱ። ከዚያ አንድ ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው። እኔ አልሄድኩም።

አሁንም አሰለፈችን ይቅር አላልኩም። ያ የንግሥ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እናገራለሁ፤ የእናቴ ስም መጽዳት ነበረበት፣ አጸዳሁት፣ አልጸጸትም። ስለ ደስታዬ ግን ከጠየቃችሁኝ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ነበር፤ አልቋል። ዳግም እንዲመጣልኝ ሌላ ሰው ማዋረድ ይኖርብኛል፤ እሱን ደግሞ ፈራሁት።

እናቴ በየወሩ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ከአሰለፈች ቤት አድራ ትመለሳለች። እኔ መናኸሪያ ድረስ እሸኛታለሁ፣ ዕቃዋን አስጭኜ በመስኮት በኩል ስሜያት እመለሳለሁ። ከዚያ አልፌ አውቶቡሱ ውስጥ መግባት ገና አልሆነልኝም።