የጋሼ ሠረቀብርሃን ቄቦች

የካ ሚካኤል አካባቢ ስለ ዶሮ ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አከራዬን ጋሼ ሠረቀብርሃንን የሚያህል አይገኝም። ዶሮ አርብተው አያውቁም፤ ግን ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግሥት ጓሮ ውስጥ ከቆርቆሮና ከሽቦ የዶሮ ቤት አሠሩና ጫጩት ሊገዙ ወጡ። ሻጩ «ጋሼ፣ ሴቱን ከወንዱ እኔ ልለይልዎት?» ቢላቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። አንድ በአንድ እያነሡ፣ እግር እያዩ፣ ጭራ እየገለጡ አሥር ጫጩት ራሳቸው መረጡ።

«አንድም ወንድ የለበትም። ሁሉም ቄቦች ናቸው» አሉ ካርቶኑን ለባለቤታቸው ለእትዬ የሺመቤት ሲያስረክቡ። እትዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ እንቁላል ቃል እየገቡ ዋሉ።

ጫጩቶቹ አደጉ። ስድስቱ ሰብሰብ ብለው እንደ ጨዋ ልጅ ጥሬያቸውን ይለቅማሉ። አራቱ ግን አናታቸው ላይ ቀይ ሥጋ አወጡ፣ ጭራቸው ተቆለመመ፣ ደረታቸውን ነፍተው ግቢውን እንደ ደንብ አስከባሪ ይዞሩበት ጀመር። «ዘራቸው ነው» አሉ ጋሼ። አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ አንደኛው በርሜል ላይ ወጣና ጎርናና ድምፁን እየሰበረ ጮኸ።

«ጉንፋን ይዟት ነው» አሉ ፎጣቸውን ሳያነሡ።

አጠገባቸው ልብስ ሳሰጣ ነበርና ሳቄን በአንሶላ ጋረድኩት። በሳምንቱ ጉንፋኑ ወደ ሦስቱ ተዛመተ፤ ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ጉንፋን ሆነ። ጋሼ ግን የነጭ ሽንኩርት ውሃ በጣሳ እያቀረቡ ማስታመም ያዙ።

ስድስቱ እውነተኛ ቄቦች እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። ግን አራት ጎረምሳ በአንድ ግቢ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ዶሮ ያላረባ ሰው እንኳ ይገምታል። ሴቶቹ ጥሬ ሊለቅሙ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ይጋልቧቸዋል፤ ላባቸውን ነጭተው ጀርባቸውን ሥጋ አስመሰሉት። ምስኪኖቹ ከበርሜሉ ጀርባ ተሸጉጠው መዋል ጀመሩ፤ እንቁላሉም ቆመ። እትዬ የሺመቤት የተላጠውን ጀርባ ቅባት እየቀቡ እንባቸው ይመጣ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን አራቱን እረድልኝ!»

«ቄብ አላርድም።»

«ቄብ ይጮኻል?»

ክርክሩ ሳያልቅ ሁዳዴ ገባላቸው። እንዲያ ደስ ብሎት ጾም የተቀበለ ምእመን አላየሁም። «በጾም ዶሮ ይታረዳል እንዴ?» እያሉ ጾሙን ሙሉ በነፃነት ኖሩ።

እኔ ነገሩን መጀመሪያ እልከኝነት አድርጌው ነበር። «ተሳስቼ ነው የመረጥኩት» ላለማለት የሚጮኽ ዶሮ የሚያስታምም ሰው ሞልቷል። ቆይቶ ነው የገባኝ። በየበዓሉ የሚያርደው የእትዬ ወንድም ጉደታ ነው፤ ጋሼ «እንግዳ ማክበር ነው» ብለው ቢላዋውን ያቀብሉታል፣ ከዚያ ዜና እንዳያመልጣቸው ወደ ሳሎን ይሮጣሉ። ጉደታ ዶሮ በሚያርድበት ሰዓት ግን ዜና ኖሮ አያውቅም። እንግዲህ አራቱ አውራ ናቸው ብለው ካመኑ፣ በዓል ሳይደርስ፣ ጉደታም በሌለበት፣ ቢላዋ መያዝ ሊመጣ ነው። ሰውየው የፈሩት አውራዎቹን ሳይሆን ቢላዋውን ነበር። እኒሁ ሰው ናቸው እንግዲህ በየለቅሶ ቤቱ «የዘንድሮ ጎረምሳ ደም ሲያይ ይወድቃል» እያሉ የሚያሾፉት!

ዘንድሮ ጉደታ ለሥራ ጅማ ሄደ። ለፋሲካ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ተጠርቷል። እትዬ የሺመቤት የመጨረሻውን ቃል በረንዳ ላይ ቆመው፣ እኛ ተከራዮቹ እየሰማን ተናገሩ።

«ዋዜማ ላይ አራቱን ካላረድክ ስድስቱን ሴቶች ለጎረቤታችን ለዘውድነሽ እሰጣታለሁ። ለምን ሰጠሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ ዘመድ ሁሉ ምክንያቱን እናገራለሁ። አንተ ከጉንፋናሞችህ ጋር ትኖራለህ። ራስህ መርጠህ አመጣህ፤ ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ አወጣች!»

ጋሼ የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ቅዳሜ ዋዜማው ዕለት ዘውድነሽ የግቢውን በር አንኳኳች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ጋሼ ዶሮዋን እንዲባርኩላት ነበር የመጣችው። «ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጥቷል» አሉ እትዬ፣ በማያምን ድምፅ። ዘውድነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ባል የሌላት ሴት በበዓል ዋዜማ የሚጠብቃት ይታወቃል፦ ዶሮና ቢላዋ ይዞ መንገድ ዳር መቆም፣ ያለፈ ያገደመውን መለመን። በየበዓሉ ያንገበግባታል፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ አላየሁም ብሎ ያልፋል። እኔም እንደሷ ሴት ነኝና ልባርክላት አልችልም፤ ብቻዋን እንዳትቆም ግን ቢላዋዋን ተቀብዬ ተከተልኳት። ሰፈሩ ውስጥ ወንድ የተባለ ሁሉ ገበያ ስለነበር ከእንጦጦ ፓርክ የሚወርዱ ሰዎች ወደሚያልፉበት አስፋልት ወጣን።

መታጠፊያው ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። መንገደኛ ሲመጣ አንድ እርምጃ ይራመዱና መልሰው ያፈገፍጋሉ። ዘውድነሽ ለየቻቸው።

«እሰይ! ጋሼ፣ እግዜር ነው የላከልኝ!»

ዞር ሳይሉ ዶሮዋን አስታቀፈቻቸው፤ እኔም ቢላዋውን አቀበልኳቸው። ጋሼ ቢላዋውን አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። በዚህ መሐል የጋቢያቸው ጥግ ተርገፈገፈና ከውስጡ የራሳቸው አውራ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጉንፋኑን ለቀቀው። በጋቢያቸው ሌላ ጫፍ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ የራሳቸው ቢላዋ ይታያል።

ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ፊታቸውን ሳይ ግን ተመለሰ፤ እውነቴን ነው፣ አሳዘኑኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «አልችልም።»

ዘውድነሽ ዶሮዋንና ቢላዋዋን መልሳ ተቀበለቻቸውና ጎናቸው ቆመች። ወዲያው አንድ የስፖርት ልብስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ ጎልማሳ ቁልቁል እየሮጠ መጣ።

«የኔ ወንድም፣ ስለ ነፍስ ብለህ፣ ዶሮ ባርክልን!» አለችው ዘውድነሽ።

ሰውየው ቆመ፣ ላቡን ጠረገና ወደ ጋሼ በአክብሮት ጎንበስ አለ። «እንዴ! አባት እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ?»

ጋሼ ዘውድነሽን ቀና ብለው አዩዋት። «እጃቸውን ታመው ነው» ብትል ይበቃ ነበር፤ አፏ ላይ የነበረ መሰለኝ። ግን ስንት በዓል ብቻዋን እዚህ መንገድ ላይ ቆማለች!

«እሳቸውም እንደ እኔ ወንድ እየጠበቁ ነው» አለችው።

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋሼን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ጋሼ ጋቢያቸውን ገልጠው ዶሮአቸውን አወጡና፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዙረው አቀበሉት።

«ቤት ደግሞ ሦስት አሉኝ» አሉት። «አውራዎች ናቸው።»