እንግሊዝኛና ኦሮምኛ አብረው የተሰፉ ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ ኪራሙ ውስጥ ሰኔን የሚወድ ሰው አላውቅም ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ በቆሎውን አረም ይውጠዋል፣ የዓመቱ ፈተናም የሚመጣው ያኔውኑ ነው። ወላጆቻችን በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ነበሩና በሰኔ ቀልድ አያውቁም። የትምህርት ቤታችን ሰኔ ግን ከእነሱም የባሰ ነበር። ከነበሩን ሦስት መምህራን አንዱ ታሞ ሄደ፣ አንዷ ወለደች፤ ከዲጋ የመጣው ቲቸር ታደለ ብቻውን ቀረ።

ፈተና ያወጣል፣ ያባዛል፣ ይፈትናል፣ ያርማል፣ ካርድ ይሞላል። ልብሱ የማባዣ ቀለም ይሸት ነበር። አንድ ቀን ጠመኔ እንደያዘ፣ ሰሌዳውን ተደግፎ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። እኛም ልጆች ነንና ሳቅን። ቤት ሄጄ እየተንከተከትኩ ስናገር አባዬ አልሳቀም። «ይኼ ሰው ሊሄድብን ነው» አለ። ቲቸር ከሄደ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ሌላው ያለው ከወንዝ ማዶ ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ በክረምት ወንዝ ተሻግራ ትማር የሚል ቤተሰብ በእኛ ሰፈር አልነበረም። አራተኛ ክፍል ላይ ማብቃቴ ነበር።

በማግስቱ አባዬና ጎረቤታችን ኦቦ ተሰማ ለቲቸር ጅጌ ጠሩ። እኛ ጅጌ፣ ኦሮሞዎቹ እነ ኦቦ ተሰማ ጂጊ የምንለው ያው የጋራ ሥራ ነው፤ ቃሉን ማን ከማን ወሰደ እያሉ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ተነታርከዋል። ወንዶቹ የራሳቸውን በቆሎ ትተው የቲቸርን ጓሮ አረሙ። እናቶች ተራ ገብተው ምሳ አመላለሱለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይል ነበር አባዬ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው።

አረሙ ሲያልቅ ደግሞ አባዬና ኦቦ ተሰማ የትምህርት ቤቱንም ሥራ ካልሰጠኸን አሉት። ቲቸር ቸግሮት የፈተና ወረቀት አስረከባቸው፤ እያንዳንዱን ፈተና ለየብቻ እያደረጉ በመርፌና በክር መስፋት ነበር ሥራው። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛውን ከመልኩ ለዩት። የቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊደል ስለሆነ እንግሊዝኛውንና ኦሮምኛውን አንድ ላይ ጥርቅም አድርገው ሰፉት። ኦቦ ተሰማ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ገጽ እየዳበሰ «ይኼ የኛ ቋንቋ ነው» ብሎ ኮርቷል አሉ።

ጠዋት ቲቸር ወረቀቱን ገለጥ ሲያደርግ፣ ሳቁ አስጎንብሶት መሬት ላይ ተቀመጠ። እኛም፣ አባዬም፣ ኦቦ ተሰማም አብረን ሳቅን። እሱ ግን ሳቁን አቁሞም እንባው አልቆም አለ።

«ኦቦ ይማም፣ ዝውውሬ ከመጣ ሳምንት ሆነው» አለው አባዬን። «እናቴ ታማለች፣ ሰው የላትም። ይኼን ሁሉ ስትደክሙልኝ መናገር አቃተኝ።»

አባዬ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ። ኦቦ ተሰማ «ባርሲሳ፣ ሂን ዴሚና» አለው፤ መምህር፣ አይሂዱብን ማለቱ ነው።

ቲቸር ግን ካርድ ሰጥቶን ሄደ። ፍራሹን እስከ መኪናው የተሸከሙለት እነዚያው አባቶች ናቸው። መስከረም ሲጠባ ሌላ መምህር አልመጣም። እኔን አባዬ ነቀምቴ ዘመድ ቤት አስጠግቶ አስተማረኝ፤ እኩዮቼ ግን እዚያው ተዳሩ። ኋላ አገሩ ሲታወክ ሰዉም ተበተነ።

ዛሬ እኔም ነቀምቴ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ አንዱ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ለፈተናው ሰሞን እንዲያግዙን ወላጆችን ጠርተን ነበር። አንዲት እናት ሲሚንቶ እንዳቦካች መጥታ በር ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ አንድ ቀን ከሥራ ከቀረሁ ልጆቼ ጦማቸውን ያድራሉ» አለችኝ። ሂጂ አልኳት፤ ምን ልበላት? በልጅነቴ ያየኋቸው ወላጆች ቢያንስ ትተውት የሚመጡት በቆሎ ነበራቸው።

ባለፈው ሳምንት፣ ሥራው ብቻዬን ቢከብደኝ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻ ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ሰው አትሂጂ ቢለኝ እቀር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብሎም አላየኝ፤ ተቀብሎኝ ከሌሎቹ መምህራን የመልቀቂያ ማመልከቻዎች ላይ ደረበው።