የእማማ ዘሀራ መርፌዎች

እዚህ በስደት በምንኖርበት ሳጃና ሰፈር ያሉ የአገራችን ሴቶች ብቻችንን የምንኖር አሮጊቶችን በየጁምዓው በተራ ይጠይቁናል። ለእኔ የደረሰችኝ ሐያት የምትባል የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ዛሬ መርፌዬ ላይ ክር ልታስገባልኝ ጫፉን በምራቋ አርሳ ስታሾለው ሳይ ልጅ ሆኜ ያደግሁበት ደሴ ትዝ አለኝ።

ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ባለ ዓይን፣ ክር አስገቢልኝ» ይሉኛል። አስገባላቸዋለሁ፤ ቆሎ ይዘግኑልኝና የክፍላችንን ወሬ ይጠይቁኛል። የሚጥፉት ጋቢ ለምን እንደማያልቅ ግን ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ላግዛቸው ብዬ ያላቸውን መርፌ ሁሉ፣ ሰባቱንም፣ ክር አስገብቼ ጨርቅ ላይ ሰካሁላቸው። እማማ በጣታቸው አንድ በአንድ ዳበሷቸው።

«ጎበዝ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እንግዲህ ነገ በምን ሰበብ ልጥራሽ?» አሉ።



ሐያት የያዘችውን ጨርሳ ሌላ መርፌ አነሳች፤ በዚህ አገር ዐረብኛ «አክስቴ» እያለች ነው የምትጠራኝ። «ኻልቲ፣ ሁሉንም ላስገባልዎት? ሳምንቱን ሙሉ ይገላገላሉ።»

«አንዱ ይበቃል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ገብቷት እንደሆነ እንጃ፤ የቀሩትን ግን ወደ መርፌ ማስቀመጫዬ ቆርቆሮ መለሰቻቸው።