ሸማኔው ምሳውን ምን በላ?

አርባ ምንጭ ሴቻ ውስጥ፣ ወደ ሆቴሎቹ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሻርፕና ጋቢ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዕቃውን የሚሸምንልኝ የእህቴ ባል ነው። እሱ ከዶርዜ ከፍ ብሎ ባለው መንደራቸው ይሸምናል፣ በሚኒባስ ይልክልኛል፤ እኔ ደግሞ ሐይቁን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች እያሞጋገስኩ እሸጣለሁ። በማሞጋገሱ ማንም አይችለኝም። ሻርፑ መደርደሪያ ላይ እያለ ተራ ሻርፕ ነው፤ ካወረድኩት በኋላ ግን ሰባት ትውልድ ይቆጠርለታል።

አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ከአስጎብኚዋ ጋር ገባች። ፀጉሯ ነጭ ነው፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል፣ አስተያየቷ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም አስተማሪ ነው። ቀይ ጥለት ያለውን ሻርፕ አንስታ ገለባበጠችውና ዋጋውን ሳትጠይቅ፣ በአስጎብኚው በኩል፣ ማን እንደሸመነው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዕድሜውስ? ጢሙ የሸበተ ሰው ነው አልኳት። ከዚያ ሦስተኛው ጥያቄ መጣ።

"ዛሬ ምሳውን ምን በላ ትላለች" አለኝ አስጎብኚው፣ ዓይን ዓይኔን ላለማየት ጣሪያውን እየተመለከተ።

ብዙ ዓይነት ገዢ አይቻለሁ። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በምራቁ አርሶ የሚሞክር አይቻለሁ። የሸማኔ ምሳ የሚጠይቅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። "ቆጮ በጎመን" ብላት ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ተንኮሌ ተነሳና ስልኬን አውጥቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ለእህቴ ባል ደወልኩለት።

"ምሳህን ምን በላህ?" አልኩት ሰላም እንኳን ሳልለው።

"ምነው፣ ልትመጪ ነው እንዴ?"

"አልመጣም። ምን በላህ?"

"ድንች በዳጣ። ምን ሆነሻል? ሰው ሞቷል?"

ሴትዮዋ ሲተረጎምላት ሳቀች፣ ሁለት ሻርፕም ገዛች። ለምን እንደምትጠይቅም አስረዳችኝ። ከቤታቸው በተወሰዱ ልጆች ጉልበት የተሠራ ልብስ በየአገሩ ይሸጣል፤ ገዢ ካልጠየቀ ነጋዴው ምን ቸገረው? ስለዚህ እሷ የትም ብትሄድ ሳትጠይቅ አትገዛም። እኔም በጣም የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከወጣች በኋላ ግን ከጎረቤቴ ባለሱቅ ጋር ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅንባት።

ይሁን እንጂ ነጋዴ ነኝ። ጥያቄው እንደሚሸጥ ገባኝና የራሴ አደረግኩት። እንግዳ ሲገባ "ሸማኔውን ምሳውን ምን እንደበላ ልጠይቅልዎ?" እላለሁ፣ እደውላለሁ፣ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። የእህቴ ባልም ቶሎ ነቃ። ከጀርባዬ የፈረንጅ ድምፅ የሰማ ቀን ምሳው ይሻሻላል፤ ድንቹ ዶሮ ይሆናል፣ ዳጣው ክትፎ ይሆናል። አንድ ጊዜማ ዓሣ በላሁ አለኝ፣ እዚያ ብርድ ላይ ዓሣ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

በመስቀል ወደ መንደሩ ወጣሁ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ መስቀልን አናከብርም እንላለን። ቅቤው ሲነጠር ግን ቤቱ የሚቀር ጴንጤ አላየሁም። ጋሞ ውስጥ መስቀል አገር ጥሎ የሄደ ሁሉ የሚመለስበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሸማኔዎች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ስጦታ ተሸክመው ይመጣሉ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ሲመለሱ ብቻቸውን አይመለሱም፤ "ሽመና ላስተምረው" ብለው ከየቤቱ ልጅ ይዘው ይሄዳሉ።

እህቴ ቤት ስደርስ አንዱ ተቀምጦ አገኘሁት። የባሏ የሩቅ ዘመድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሽመና ቤት አለው። ሆዱ ከኮቱ ቀድሞ ይገባል። ጫማው ነጭ ነው፤ ያንን ሁሉ ጭቃ እንዴት እንዳለፈ እስካሁን አልገባኝም። የእህቴ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከጫማው ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን አልነቅል ብሏል።

"ከበዓሉ በኋላ ከእሳቸው ጋር ሊሄድ ነው" አለችኝ እህቴ ጓዳ ስንገባ። "ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል ብለዋል።"

"አንቺስ አመንሽ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? መሬቱን ታውቂዋለሽ፣ መዳፍ አይሞላም። ሸማው ደግሞ አንቺ ስትሸጪ ነው ገንዘቡ የሚመጣው።"

የመጨረሻዋን ነገር እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት። ባሏን ለብቻው ይዤ ብለምነው "አንቺ ሻርፕሽን ሽጪ" አለኝ። ልጁን ራሱን ብጠይቀው "እዚያ ጫማ ይገዙልኛል" አለኝ። ተናደድኩ፣ ፈራሁም። ያ ልጅ ስሙን ከመጥራቱ በፊት የእኔን ስም የጠራ ልጅ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሚኒባስ ላይ ሊጫን ነው፣ እኔ ደግሞ ሰሚ አጣሁ።

አጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ለዚሁ ሰውዬ ከሰጠች ሁለተኛ መስቀሏ ነው። በዚህ መስቀልም ልጁ አልመጣም። "ሥራ በዝቶበት ነው፤ ይህን ልኮልሻል፣ ራሱ ነው የሸመነው" ብሎ ጋቢ ሰጥቷታል። ፀሐይ እያቃጠላትም አላወለቀችውም።

በማግስቱ ሰውዬው የተረፉትን ጋቢዎች ሊሸጥ እህቴ ግቢ ውስጥ ሸራ አንጥፎ ዘረጋቸው። የመንደሩ ሴት ሁሉ መጣ። ከሁሉም ፊት ትልቋ አክስቴ ነበረች። አክስቴ በሹክሹክታ ስታወራ ከሸለቆው ማዶ ያለው ሰው "ምን አሉ?" ብሎ ይመልስላታል። አንዱን ጋቢ ዳሰሰችና ዋጋ ጠየቀች። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ፈትሉን እንኳን አይመልስም። እጇን ወደ መቀነቷ ስትሰድ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

"ማን ነው የሸመነው?" አልኩ።

"እኔው ራሴ ነኛ" አለ ሰውዬው።

"ምሳህን ምን በልተህ?"

ሴቶቹ ሳቁ። የእህቴ ባል የስልኩን ጉድ አስታውሶ ፊቱን አዞረ። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የሚቀጥለውን የተናገረችው በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግማሽ ቅመሙ ይጠፋል።

"ራስህ ከሆንክማ እንይህ" አለችው። "ያው የሽመና ዕቃው ከደጃፉ ነው። ይህን ልጅ ላስተምረው ብለህ የለ? አስተማሪውን ሳናይ ተማሪ አንሰጥም።"

"እትዬ፣ በዓል ነው እኮ። ኮቴም ይጨማደዳል።"

"ኮትህን እኔ እይዝልሃለሁ።"

ያዘችለትም። ሌላዋ ጫማውን አስወለቀችው፤ የሽመና ዕቃ በጫማ አይረገጥም። ሰውዬው እየሳቀ፣ ላቡንም እየጠረገ፣ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሊቀመጥ ሞከረ። ሸማው የሚጠቀለልበት እንጨትና ሆዱ ግን ሊስማሙ አልቻሉም። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበው፣ ገባ፤ ሲተነፍስ እንጨቱ ጮኸ። መወርወሪያውን ወረወረ፤ መወርወሪያው በድሩ መሐል ማለፉን ትቶ የእህቴን ዶሮ አባረረ። ደግሞ ሞከረ። ሁለት ክር ተበጠሰ። የእህቴ ባል፣ የራሱ ድር ነውና፣ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ።

እኛ በዚህ ስንስቅ የእህቴ ልጅ ነጩን ጫማ አድርጎ ግቢውን ይዞራል። አንዱ ጫማ ብቻውን ሁለቱንም እግሩን ይይዝ ነበር። እየጎተተው፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከዶሮዎቹ መሐል እንደ ሹም ይመላለሳል።

"አውጡኝ" አለ ሰውዬው።

"መጀመሪያ ንገረን" አለች አክስቴ። "ማን ነው የሚሸምነው?"

"ልጆቹ ናቸው። እኔማ አሁን አስተዳድራለሁ።"

"ምሳቸውን ምን ይበላሉ?"

"ምን የማይበሉት አለ! እንጀራ በወጥ ነው፣ ከላዩ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት። ከእኔ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚጠግቡት።"

ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ከኋላ ቆማ ነበር። ወደ ፊት ወጣች።

"የኔም ልጅ ወተት ይጠጣል?" አለችው ቀስ ብላ።

"እሱማ ዋናው ነው! ወተት ነፍሱ ነው።"

"ልጄ ወተት አይጠጣም" አለች። "ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስመልሰዋል። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። አንተ ሁለት ዓመት አብረኸው ኖረህ አታውቅም?"

ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደች፣ አጣጠፈችው፣ እዚያው በተቀረቀረበት ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አክስቴም የያዘችውን ከዚያ ላይ ደረበች። አንዷ ሌላዋን እያየች የገዛችውን መለሰች፣ የመረጠችውንም ጣለች። ከጋቢው ክምር በላይ የሚታየው የሰውዬው ዓይን ብቻ ሆነ።

እኔ በድሉ ልኩራራ ስዘጋጅ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ? በእህትሽ ባል ምሳ ፈረንጅ እያሳቅሽ ትሸጫለሽ አሉ። ሸማውን ወስደሽ ገንዘቡን መቼ ነው የምትልኪለት?"

"ሲሸጥ" አልኩ፤ ድምፄ ከወትሮው አንሶ ወጣ።

"እስኪሸጥ ድረስ ምን ይብላ? ዓሣ?"

አሁን የተሳቀው በእኔ ነው። ጆሮዬ ጋለ፣ ግን እውነቷን ነው፤ ሸማው እስኪሸጥ የሚጠብቀው ሰው ነው እኮ ልጁን የሚሰጠው። እዚያው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሸማውን ስረከብ ገንዘቡን አስረክባለሁ አልኩ። የእህቴ ባል የተበጠሰውን ክር እየቀጠለ ሰማኝ።

"እንደዚያ ከሆነ ልጁ የትም አይሄድም" አለ፣ ቀና ሳይል።

አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው ሰውዬው ፊት ቆሙ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የቆመን ሽማግሌ ገፍቶ የሚሄድ የለም፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀረቀረማ ወዴት ይሄዳል? የዚያችን ሴት ልጅ ሊመልስ ቃል ገባ፣ ከዚያ ጎትተን አወጣነው። ከበዓሉ በኋላ ሚኒባሱ ላይ ከሰውዬው ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ።

የእህቴ ልጅ ጫማውን ሲያስወልቁት አለቀሰ፣ እኔንም አኮረፈኝ። ኮንጎ ጫማ ገዝቼ ወሰድኩለት፤ አደረገው፣ ግን በንቀት ነው ያደረገው። የመንደሩ ሰው ደግሞ ጥያቄዬን ሰላምታ አደረገው። መንገድ ላይ ሰው ሲገናኝ "ምሳህን ምን በላህ?" ይባባላል፤ ደንቡ መዋሸት ነው። "በሬ ከነቀንዱ" ይላል አንዱ፤ "አዞ በቅቤ" ይላል ሌላው። እኔ የመጣሁ ቀን ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸማ ልረከብ፣ ገንዘቤንም ይዤ፣ ስወጣ የጎረቤቷ ልጅ ተመልሶ ነበር። ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ቁመቱ ጨምሯል፣ ሌላው ነገሩ ግን ቀንሷል። የእህቴ ልጅ የተቀቀለ ድንች እየበላ ወደ እሱ ሄደና የሰፈሩን ቀልድ ወረወረለት።

"ምሳህን ምን በላህ?" አለው፣ ለመሳቅ አፉን አዘጋጅቶ።

ልጁ በዚያ መስቀል አልነበረም፣ ደንቡን አያውቅም። ጥያቄውን የምር ነው የወሰደው፤ ትንሽ አሰበ።

"እዚያ ነው?" አለ። "እዚያ ምሳ የለም። የቀኑ ሥራ ካለቀ ማታ እንበላለን። ካላለቀ ነገ ነው።"

የእህቴ ልጅ የያዘውን ድንች አየ፣ የልጁን ባዶ እግር አየ። ድንቹን ሰጠውና ወደ ቤት ሮጠ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላኮረፈኝም፤ እዚያ መቆሜንም ያየ አልመሰለኝም።

"እማ" ሲል ሰማሁት ከውስጥ፣ "ድንች ጨምሪ።"